የተሰበረ መንጋጋ በምን ይታሰር? አርች ባር፣ የሽቦ ቀለበት፣ ብሎን ወይስ ፕሌት

አገጩን በነጠላ አስሮ ከሰቃ ወይም ከሊሙ ጅማ የሚደርስ ሰው፣ ባጃጅ ተገልብጦበትም ይሁን በዱላ ተመትቶ ወይም ከማንጎ ዛፍ ላይ ወድቆ፣ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚለው ነገር አንድ ነው፦ «ጥርሴ አልገጥም አለኝ»። ምርመራው ከዚህ ይጀምራል፤ ሕክምናው ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም የሚባለውም በዚሁ ነው። የእግር አጥንት ሲሰበር ቀጥ ብሎ መመለሱን የምናውቀው በኤክስሬይ ነው። የታችኛው መንጋጋ ግን መለኪያው አብሮት ተፈጥሯል። የታች ጥርሶች ከላይኞቹ ጋር እንደ ድሯቸው ከገጠሙ፣ ከሥራቸው ያለው አጥንትም ቦታው ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ደኅናውን የላይኛውን መንጋጋ እንደ ምሰሶ ተጠቅሞ የተሰበረውን ከእሱ ጋር ማሰር ነው።

«እንደ ድሯቸው» ያልነው በምክንያት ነው። ሁሉም ሰው ጥርሱ ውብ ሆኖ የሚገጥም አይደለም፤ የታች ጥርሱ ከላይኛው ቀድሞ የሚወጣም፣ የፊት ጥርሶቹ የማይነካኩም አለ። እሱን በግድ የመጽሐፍ ላይ ጥርስ እንዲመስል አድርጎ ማሰር አጥንቱን ጠማማ አድርጎ ማስያዝ ነው። ጥርሶቹ ላይ በብርሃን ሲታዩ የሚያብለጨልጩ፣ ለዓመታት በመፋጨት የተበሉ ትንንሽ ገጾች አሉ። የላዩ የተበላ ገጽ ከታቹ የተበላ ገጽ ጋር ሲነባበር ትክክለኛው አገጣጠም ተገኘ። ሰውየው ሲስቅ የተነሳው የቆየ ፎቶ ካለም ይረዳል።

ከማሰር በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ እሱም ትንፋሽ ነው። መንጋጋ የፈረስ ጫማ ቅርጽ ስላለው አንድ ቦታ ሲመታ ሁለት ቦታ መሰበሩ የተለመደ ነው። በግራ አገጩ አጠገብ የተሰበረ ሰው በቀኝ ከጆሮው ፊት ያለው ማጠፊያም ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ አንዱን አይቶ ሌላውን መርሳት በዚህ ሕክምና በጣም ከሚደጋገሙት ስሕተቶች አንዱ ነው። አገጭ በግራም በቀኝም ከተሰበረ ደግሞ መካከሉ ላይ ያለው አጥንት ምላስን ይዞ ወደ ኋላ ይሸሻል። እንዲህ ያለውን ሰው በጀርባው ማስተኛት ወይም አገጩን ወደ ኋላ በሚጎትት ነጠላ መሸበብ ሊያንቀው ይችላል። ሌላ ጉዳት ካልከለከለ ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ያዘንብል፣ ደምና ምራቁ ይፍሰስ። ከምላስ ሥር ያበጠና የጠቆረ ደም ካለ፣ የታች ከንፈር ከደነዘዘ፣ ሲነክስ አንድ ጎን ብቻ ከነካ ስብራት መኖሩን መጠርጠር ነው።

ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ስለመታሸትም አንድ ነገር እንበል። ጥርስ ባለበት ቦታ ላይ የደረሰ የመንጋጋ ስብራት፣ ቆዳው ባይቀደድም በድድ በኩል ወደ አፍ የተከፈተ ቁስል ነው። በታሸ ቁጥር ምራቅና ጀርም ወደ ስብራቱ ይገባል። ጸረ ተሕዋሲያን መድኃኒትና የቴታነስ ክትባት የሚታዘዘውም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ማሰሪያዎቹ እንምጣ።

አርች ባር ከሁሉም ቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነው፤ በየጊዜው «አርጅቷል» እየተባለ እስከ ዛሬ ያልተተካ። ለስላሳ ጠፍጣፋ የብረት ዘንግ ሲሆን ጎኑ ላይ በመደዳ መንጠቆዎች አሉት። ርዝመቱ ከአንዱ ጎን የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ ጥርስ እስከ ሌላው ጎን እኩያው ድረስ ተለክቶ ይቆረጣል፣ በጣት እየታጠፈ የጥርሶቹን ቅስት እንዲከተል ይደረጋል፣ ጫፉ ጉንጭ እንዳይወጋ ወደ ጥርሱ ይታጠፋል። የላይኛው ባር መንጠቆዎች ወደ ላይ፣ የታችኛው ወደ ታች ይመለከታሉ፤ ሁለቱን ባሮች የሚያያይዘው ሽቦ ወይም ላስቲክ የሚታሰረው እነሱ ላይ ስለሆነ የተገለበጠ ባር ላስቲክ አይዝም።

ባሩ እያንዳንዱ ጥርስ ላይ የሚታሰረው 0.4 ወይም 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የማይዝግ ብረት ሽቦ ነው። ሽቦው ከመታሰሩ በፊት በሁለት ፒንሳ ተይዞ ከርዝመቱ አንድ አስረኛ ያህል ይለጠጣል። ይህ ያልተደረገለት ሽቦ አፍ ውስጥ ገብቶ ራሱን ይለጥጥና በሳምንቱ ይላላል። ከዚያ አንዱ ጫፍ ከባሩ በላይ፣ ሌላው ከባሩ በታች እንዲያልፍ ሆኖ የጥርሱን አንገት ይዞራል፣ ሁለቱ ጫፎች በፒንሳ ተይዘው በሰዓት አቅጣጫ ይጠመዘዛሉ። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚጠመዘዘው ነገ ሌላ ሐኪም ሲፈታው ወዴት እንደሚያዞር እንዲያውቅ ነው። አጠማዘዙ ራሱ መላ አለው፦ መጀመሪያ ሳብ፣ ከዚያ እየሳቡ ማዞር። ሳይስቡ ካዞሩት ሽቦው ከጥርሱ ርቆ ይጠመዘዝና ጥብቅ መስሎ ልል ይሆናል። አብዝተው ካዞሩት ደግሞ ይበጠሳል፤ የተጠመዘዘው ላይ ሌላ እጥፍ መውጣት ሲጀምር እጅ ማቆም ነው። ጫፉ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ተትቶ ይቆረጥና ወደ ባሩ ሥር ይቀበራል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የፊት ጥርሶች ሥራቸው ነጠላና ሾጣጣ ስለሆነ ሽቦ ቀስ እያለ ከመቀመጫቸው ሊነቅላቸው ይችላል፤ አስገዳጅ ካልሆነ በቀር ይታለፋሉ። ሌላው ደግሞ የተፈናቀለ ስብራት ላይ ሙሉውን የታች ባር አጥብቆ አስሮ ከዚያ አጥንቱን ለመመለስ አለመሞከር ነው። አይመለስም፣ ባሩ ራሱ ጠማማውን ይዞታልና። የአንዱን ወገን ሽቦ ልል አድርጎ፣ ጥርሱን አጋጥሞ፣ ያኔ ማጥበቅ ይገባል።

የአርች ባር እንከኑ የታወቀ ነው። ላይና ታች ለማሰር ለሠለጠነ እጅም 1 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በየጥርሱ የሚገባው የሽቦ ጫፍ ጓንት ይበሳል፤ ሄፓታይተስ ቢ እና ኤችአይቪ ባሉበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሁለት ጓንት መደረብ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ድድ ያቆስላል፣ ምግብ ይይዛል፣ ለማጽዳት ያስቸግራል።

ቀለል ያለው አማራጭ የሽቦ ቀለበት ነው። ወደ 15 ሴንቲሜትር የሚሆን ሽቦ መካከሉ ላይ 3 ሚሊሜትር ያህል በሚወፍር ዘንግ ተጠምዝዞ ትንሽ ቀለበት ይወጣለታል። ሁለቱ ጫፎች አንድ ላይ በሁለት ጎረቤት ጥርሶች መካከል ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ አንዱ የፊተኛውን ጥርስ፣ ሌላው የኋለኛውን ዞሮ ወደ ውጭ ይመለሳሉ፤ አንደኛው በቀለበቱ ውስጥ አልፎ ከሌላው ጋር ይጠመዘዛል። ላይና ታች ትይዩ የሆኑ ቀለበቶች በሌላ ሽቦ ይያያዛሉ። ዋጋው የሽቦው ብቻ ነው፣ በማደንዘዣ መርፌ በአጭር ጊዜ ይሠራል፣ የጤና ባለሙያ ታካሚውን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ከመላኩ በፊት አጥንቱ እንዳይንቀሳቀስ ለመያዝም ያገለግላል። የሚያስፈልገው ግን ጎን ለጎን የቆሙ፣ ትይዩአቸውም ያሉ ጠንካራ ጥርሶች ናቸው። አንዱ ሽቦ ከተበጠሰ ያ ቀለበት እንዳለ ተጥሎ ሌላ ይሠራል። ላስቲክም በወጉ አይቀበልም። ብዙም ላልተፈናቀለ አንድ ስብራት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አናምነውም።

ብሎን የመጣው ከእነዚህ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። 2 ሚሊሜትር የሚወፍሩ፣ ከ8 እስከ 12 ሚሊሜትር የሚረዝሙ፣ አናታቸው ለሽቦ ማሳለፊያ የተበሳ ወይም የተሰነጠቀ ብሎኖች አብዛኛውን ጊዜ 4 ሆነው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ይገባሉ፤ ሁለት ላይ፣ ሁለት ታች። በ15 እና በ20 ደቂቃ ውስጥ ሥራው ያልቃል፣ የሽቦ ንክኪ ይቀንሳል፣ ድዱ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ሲታይ ሁሉን ነገር የሚፈታ ይመስላል።

ችግሩ ብሎኑ የሚገባበት ቦታ ጠባብ መሆኑ ነው። የሚመረጠው ስፍራ በክራንቻና ከእሱ ቀጥሎ ባለው ጥርስ ሥሮች መካከል ወይም ከሥሮቹ ጫፍ አልፎ ነው። ወደ አንድ ጎን ትንሽ ካዘነበለ የጥርስ ሥር ይበሳል፤ በታች መንጋጋ ወደ ኋላ ካለፈ ከንፈርን የሚያሰማው ነርቭ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። በእጅ የሚዞር ብሎን ሥር ሲነካ ድንገት ይጠነክራል፤ ያኔ ኃይል መጨመር ሳይሆን ማውጣትና አቅጣጫ መቀየር ነው። ቋሚ ጥርሳቸው አጥንት ውስጥ ገና ያልወጣ ልጆች ላይ ብሎኑን ጨርሶ አለመጠቀም ይሻላል።

ሁለተኛው ችግሩ ብዙም አይወራለትም። አርች ባር ጥርሶቹን አንድ ላይ ሰፍቶ ይይዛል፤ ብሎን ግን በ4 ነጥብ ብቻ ይጎትታል። ነጥቦቹ ወደ ፊት ስለሆኑ ሽቦው አብዝቶ ሲጠብቅ የፊቱ ይዘጋና የኋላ መንጋጋ ጥርሶች ይከፈታሉ፣ ወይም ስብራቱ በምላስ በኩል አፉን ይከፍታል። ከፊት ለሚያይ ሁሉ ደኅና ይመስላል። የተነቃነቁ ጥርሶችን ወይም ከጥርስ ጋር የተላቀቀ አጥንትንም ብሎን አይዝም፤ የተፈረካከሰ ስብራት ላይ ቦታ የለውም። በተጨማሪ ሳምንታት ሲያልፉ ይላላል፣ የጉንጭ ሥጋ ይሸፍነዋል። ከ4ቱ አንዱ በሁለተኛው ሳምንት ቢወልቅ እስሩ ሁሉ ይዛባል። ከአርች ባሩ ሽቦዎች ግን አንዱ ቢበጠስ ሌሎቹ ይቀራሉ። ሁለቱን አዳቅሎ በብሎን አጥንት ላይ የሚሰካ አርች ባርም አለ፤ ጊዜ ይቆጥባል፣ ዋጋው ግን ከሽቦና ከተራ ባር ጋር አይወዳደርም፤ የሥር መበሳቱ ስጋትም አብሮት አለ።

ፕሌት፣ ማለትም ስብራቱ ላይ በብሎን የሚሰካ ጠፍጣፋ ብረት፣ ከእነዚህ ይለያል፤ አጥንቱን ራሱን ይዞ ስለሚያስር አፍ ለሳምንታት መዘጋቱ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሚያገለግሉት ለ2 ሚሊሜትር ብሎን የተሠሩ ትንንሽ የታይታኒየም ፕሌቶች ናቸው። መንጋጋ ጥግ ላይ ለደረሰ ቀላል ስብራት በላይኛው ጠርዝ አንድ ፕሌት፣ አገጭ አካባቢ ደግሞ ከጥምዘዛው ኃይል የተነሳ ሁለት ፕሌት አንዱ ከሌላው በታች ይገባሉ። ይህን የአቀማመጥ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፋው ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ሻምፒ ነው። ታካሚው ከቀዶ ጥገናው ማግስት አፉን ይከፍታል፣ ለስላሳ ምግብ ይበላል፣ ይናገራል።

ስለ ፕሌት በጣም የሚሳሳቱበት ነገር ግን «ፕሌት ካለ ማሰር አያስፈልግም» የሚለው ነው። ፕሌት ይቅር ባይ አይደለም። በሽቦ የታሰረ መንጋጋ ትንሽ ቢዛባ ላስቲክ በቀናት ይመልሰዋል፤ ፕሌት በተዛባበት ከተሰካ እንደተዛባ ይቀራል፣ መፍትሔውም እንደገና መክፈት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ፕሌቱን ከመስካቱ በፊት ጥርሶቹን አጋጥሞ ያስራል፣ ፕሌቱን ይሰካል፣ ፈትቶ መንጋጋውን እያንቀሳቀሰ መግጠሙን ያያል። ብሎን እውነተኛ ቦታው እዚህ ነው፤ ለ2 ሰዓት ለሚፈለግ እስር 1 ሰዓት አርች ባር ሲያስሩ መዋል አይገባም። ቱቦው በአፍ ቢገባ ጥርስ አይዘጋምና ማደንዘዣው በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ መሆን አለበት። ጉሮሮ ላይ የተጎሰጎሰው ጨርቅ ደግሞ አፉ ታስሮ ከቀዶ ጥገና ክፍል ከመውጣቱ በፊት መውጣቱ በድምፅ ተነግሮ መረጋገጥ አለበት። የተረሳ ጨርቅና የታሰረ አፍ አንድ ላይ ሰው ይገድላሉ።

ጥርስ የሌላቸው አዛውንት ሌላ ጉዳይ ናቸው። የሚገጥም ነገር ስለሌለ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ካለ እሱ እንደ መለኪያ ይያዛል። አጥንታቸው ከሳሳ ትንሹ ፕሌት ስለማይችለው ወፍራም ፕሌት ይፈለጋል።

እንግዲህ የቱ ይመረጥ? ብዙ ንጽጽሮች የሚያቆሙት «የቱ ቶሎ ያልቃል» ላይ ነው። እኛ ግን ጥያቄው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ምን ይሆናል የሚለው ነው እንላለን። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚያስተናግደው የጅማ ከተማን ሰው ብቻ አይደለም፤ ከኢሉባቦር፣ ከከፋ፣ ከዳውሮ የሚመጣ አለ። ታስሮ ዳውሮ የሚመለስ ሰው ብሎኑ ቢላላ በነጋታው አይመጣም፤ ሲመጣ አጥንቱ ጠማማ ይዞ ነው። ፕሌት ለመግዛት ወይም ተራ ለመጠበቅ ካልተቻለና ከ4 እስከ 6 ሳምንት መታሰር ግድ ከሆነ፣ ጥርሱ በቂ እስከሆነ ድረስ አርች ባር ይሁን። የፈጀው 1 ሰዓት በመንገድ ይካካሳል። ቅርብ ለሆነ፣ ስብራቱ ላልተፈናቀለና ለ2 ሳምንት ለሚታሰር ሰው ብሎን ቢሆን አንከራከርም። የሚጥል በሽታው በመድኃኒት ያልተገታ፣ መጠጥ የሚያዘወትር፣ ከባድ አስም ያለበት፣ ወይም እርግዝና ሁልጊዜ የሚያስመልሳት ታካሚ ግን አፍን መዝጋቱ አደገኛ ነውና ለፕሌት ቅድሚያ ያላቸው እነሱ ናቸው።

የመታሰሪያው ጊዜም አንድ አይደለም። አዋቂ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፤ ልጅ ቶሎ ስለሚድን ከ2 እስከ 3። ከጆሮ ፊት ያለው ማጠፊያ ሲሰበር ግን ማስረዘም ጥፋት ነው። በተለይ ልጅ ከ10 ቀን እስከ 2 ሳምንት ታስሮ በላስቲክ እየተመራ አፉን መክፈት መለማመድ አለበት፤ አለዚያ ማጠፊያው ከራስ ቅል ጋር ተጣብቆ ዕድሜ ልኩን አፉ ላይከፈት፣ አገጩም ሳያድግ ሊቀር ይችላል።

ቤት የሚደረገው ከሆስፒታሉ አይተናነስም። የሽቦ መቁረጫ ከታካሚው ኪስ አይለይም፤ የቤቱ ሰውም የትኛውን እንደሚቆርጥ ከመውጣቱ በፊት በመስታወት ይታየው። የሚቆረጡት ላይኛውን ከታችኛው የሚያያይዙት ቁልቁል የቆሙት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፣ ከ4 እስከ 6 ቢሆኑ ነው። ባሩን ጥርስ ላይ የያዙትን መቁረጥ ጊዜ ማባከን ነው። በላስቲክ ከሆነ መቀስ ይበቃል። ቢያስመልሰው መጀመሪያ ወደ ፊት ተደፍቶ ራሱን ዝቅ ያድርግ፤ ሲመገብ የሰነበተው ፈሳሽ ስለሆነ በጥርስና በጉንጭ መካከል ይወጣል። ትንፋሽ ካጠረው ግን ወዲያው ይቆረጥ። ወደ ቦንጋ የሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ለሚያጥወለውለው ሰው ከመነሳቱ በፊት የማስመለሻ መከላከያ መድኃኒት ቢሰጠው ደግ ነው።

ምግቡ በቀን ከ6 እስከ 8 ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ አንድ ብርጭቆ፣ በስትሮ ወይም መርፌው በተነቀለለት ትልቅ ሲሪንጅ ከጉንጭ በኩል ይገባል። ከኋላ መንጋጋ ጥርሶች ጀርባ ሁልጊዜ ክፍተት አለ። ሾርባ ብቻ ጠጥቶ መክሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሾርባ ውኃ ነው። አጥሚት በወተት፣ ከወፍራም ሥጋ መረቅ ጋር የተፈጨ ድንች፣ በቅቤ የላላ ቀጭን ሽሮ በወንፊት ተጣርቶ፣ ከጅማ ገበያ የማይጠፋው አቮካዶ ከወተትና ከማር ጋር ተመትቶ ክብደት ያቆያል። ፍልሰታ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ የሆነ ወተቱን በሱፍ፣ በተልባ ወይም በኦቾሎኒ ፈሳሽ ይተካ። ረመዳን ላይ የታሰረ ሰው ግን በኢፍጣርና በሱሁር መካከል ብቻ ጠጥቶ የሚበቃውን ማግኘት ይቸግረዋል፤ ታማሚ ቀኑን በሌላ ጊዜ እንዲያወጣ ተፈቅዶለታልና ኢማሙን ያማክር።

መፋቂያ ለማኘክ ስለማይቻል የልጅ ጥርስ ብሩሽ ይያዝ። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ ይጉመጥመጥ፤ ክሎርሄክሲዲን ከታዘዘ ጠዋትና ማታ። ጫት ለዚህ ጊዜ ይቅር። ቅጠሉን ሳያኝኩ ጉንጭ ውስጥ አሳድረው የሚመጡ አሉ፤ ሽቦው ሥር ገብቶ ሲበሰብስ ድዱን ያመረቅዛል፣ አፍም ያደርቃል። ሲጋራ ደግሞ የአጥንቱን መዳን ያዘገያል።

ፍቺው በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። በቀጠሮው ቁልቁል ያሉት ሽቦዎች ብቻ ይቆረጡና ሐኪሙ ስብራቱን ግራና ቀኝ በሁለት እጁ ይዞ ይፈትነዋል። ካልተንቀሳቀሰና ካላመመ ባሮቹ ሳይወልቁ ለ1 ሳምንት ያህል ይቆያሉ፤ ጥርሱ ትንሽ ከሸሸ ላስቲክ ማታ ማታ ይደረግበታል። ቢንቀሳቀስ እንደገና ማሰር የ10 ደቂቃ ሥራ ነው፣ አዲስ ማደንዘዣም አይፈልግም። አጥንቱ መያዙን አይቶ እንደገና የማሰር ዕድል የሚሰጠው ባሩ ሳይወልቅ መቆየቱ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው የታካሚው ነው፦ መጀመሪያ አንድ ጣት የማያስገባው አፍ በቀን ደጋግሞ እየተለማመደ፣ የራሱ ሦስት ጣት ቁልቁል እስኪገባ ድረስ። በ1 ወር ውስጥ ሁለት ጣት ካላስገባ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ይመለስ።